ሰንበት ያከበረው ብረት

እኔ ልሙት፣ ከዚህ በታች አንዲትም የውሸት ቃል የለችም። ኔታንያ ውስጥ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ እንደሚስቁ አውቃለሁ፤ ይሳቁ። ከሕንጻችን ሥር አግዳሚው ላይ ከምንቀመጥ ሽማግሌዎች መካከል ሌላው ስለ ካፊያ ሲያወራ እኔ ስለ ጎርፍ፣ ሌላው ስለ ድመት ሲያወራ እኔ ስለ ነብር እንደማወራ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ይሄኛው ግን እውነት ነው። በነፍሴ እምላለሁ። ከሰባ ዓመት በላይ ያገለገለች ነፍስ ብዙ እንደማታወጣ አላጣሁትም፣ ግን ሌላ የምምልበት የለኝም።

ልጅ ሳለሁ አባዬ ቀጥቃጭ ነበር። የእኛ የቤተ እስራኤሎች ቤቶች ጎንደር ገጠር ውስጥ ከአንድ ወንዝ ዳር ተሰብስበው ነበር፤ የክርስቲያኖቹ መንደር ደግሞ ከእኛ በላይ ተራራው አናት ላይ። ተራራውን እንዴት ያለ ተራራ መሰላችሁ! ከታች ጫጩት ይዞ የተነሳ ሰው ከላይ እስኪደርስ ጫጩቷ ዶሮ ሆና እንቁላል ትጥልለት ነበር። ያንን ተራራ የላይኞቹ ሴቶች በየቀኑ እንስራ አዝለው ይወርዱታል፣ ሞልተው ይወጡታል። እንስራውን የምትሠራላቸው እናቴ ነበረች። ማጭዱንና ማረሻውን የሚሠራላቸው አባዬ ነበር። እነሱ በእኛ ማረሻ ያርሳሉ፤ እኛ ግን የምናርሰው አንድ ክንድ መሬት አልነበረንም፣ ቤታችን የቆመበት አፈር እንኳ የሰው ነበር። ማረሻውን ሊወስዱ ሲመጡ «መሬት ላይ አስቀምጥልን» ይላሉ፣ እጅ ለእጅ አይቀበሉንም። እኛም ብንሆን ከነኩን ወንዝ ገብተን መታጠብ ነበረብን። መነካካት በሁለቱም ወገን ክልክል ነበር፤ ልዩነቱ እኛ ለንጽሕና ብለን ስንታጠብ እነሱ ፈርተውን ይሸሹ ነበር። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር ያኔ።

ተረት የሰማሁት እዚያ፣ ወናፉ ሥር ነው። ፀሐይዋ ከወንዙ ማዶ ስታዘቀዝቅና የሥራው ጥድፊያ በረድ ሲል፣ ፍሙ ከላዩ አመድ ለብሶ ከሥሩ ቀይ ዓይኑን እየጨፈነና እየገለጠ ሲተነፍስ፣ የከሰሉ ጭስ የጎጆውን ጣሪያ ሰርስሮ እስኪወጣ ድረስ ከአናታችን በላይ ሲንሳፈፍ፣ እናቴ ጭቃ የደረቀበት እጇን እያሻሸች ኩራዙን ታበራና በር ላይ ትቀመጣለች። እኔ ወናፉን እነፋለሁ። ያኔ አባዬ ይተርታል። ችግሩ ተረት አያውቅበትም። ለዳኛ ምስክርነት እንደሚሰጥ ሰው ነበር የሚተርተው።

«አንድ ጅብ ነበር። አህያዋን በላት» ይልና መዶሻውን ያነሳል።

«ስንት ጅብ ነበር አባዬ?»

«አንድ አልኩህ እኮ!»

እኔ በልቤ አርባ አደርጋቸዋለሁ፣ ለአህያዋም ክንፍ እቀጥልላታለሁ፤ በማግስቱ ወንዝ ዳር ለልጆች ስነግራቸው ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይውላሉ። አባዬ ይሄን ሰምቶ «የኔን ተረት አንተ ስትመልሰው አላውቀውም» ብሎኛል አንድ ቀን፤ ፈገግ ሲል ያየሁት መስሎኝ ነበር።

አንድ ተረት ብቻ ነበር አባዬ የሚያረዝመው፤ ሽቅብ ስለሚወጣው ውሃ። ወጣት ሳለ ከወንዙ በታች ጣሊያን አትክልት የሚያለማበት ቦታ ተቀጥሮ ሠርቷል። እዚያ አንድ ብረት ነበር፤ እሳት አይበላ፣ ዘይት አይጠጣ፣ ሰው አይገፋው፣ በሬ አይጎትተው። ብቻውን «ቷ! ቷ!» እያለ ቀን ከሌት ውሃ ወደ ላይ ይሰዳል። አባዬ መዶሻውን አስቀምጦ በአመዱ ላይ በጣቱ እየሣለ ያስረዳን ነበር። ውሃው ከላይኛው ፏፏቴ በቧንቧ ይወርዳል። ብረቱ ውስጥ ያለችው ክዳን ክፍት ስለሆነች ዝም ብሎ ወደ ውጭ ይፈሳል። ሩጫው ሲበረታ ክዳኗን ይዞ ይዘጋታል፣ ቷ! ያን ጊዜ መውጫ ያጣው ውሃ ይደነግጥና በሌላው በር ሽቅብ ይሸሻል። ትንሽ እንደሸሸ ግፊቱ ይላላል፣ ክዳኗ በገዛ ክብደቷ ትወድቅና ትከፈታለች፤ ደግሞ ይፈሳል፣ ደግሞ ቷ!

«ከአሥሩ እጅ ዘጠኙ ፈሶ ይቀራል» ይለን ነበር፣ «አንዷ እጅ ናት የምትወጣው። ግን ዘጠኙ ባይፈስ አንዷም አትወጣም።»

ጣሊያን ሲሸሽ ብረቱን ጥሎት ሄደ፤ ወንዙም ደለል አለበሰው።

ይህን ተረት አንድ ቀን ጭቃ ሹሙ ሰማው። የላይኛው መንደር ሹም፣ የመሬቱም ባለቤት እሱ ነበር። የጠመንጃውን ምላጭ ሊያሠራ መጥቶ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ወደ ውስጥ አይገባም። የሆዱ ነገር አይነሳ፤ ሆዱ ደጃችን ሲደርስ እሱ ራሱ ገና ተራራውን እየወረደ ነበር።

«አንተ ቀጥቃጭ፣ ይሄ የምትለው ነገር እውነት ነው?»

«እውነት ነው ጌታዬ።»

«እኔ ደጅ ድረስ ያወጣዋል?»

«ቧንቧው ከበቃ ያወጣዋል።»

«እንግዲያው ካወጣኸው የአንድ ጥማድ መሬት እሰጥሃለሁ። አዝመራው እንደተሰበሰበ ትረከባለህ።»

አባዬ መዶሻውን አስቀመጠ። «በሰው ፊት ይበሉት» አለ።

ጭቃ ሹሙ ሳቀ፤ ግን በእሁዱ በሽማግሌዎች ፊት አለው። የአንድ ጥማድ መሬት! ከአባቴ አባት አባት ጀምሮ በዘራችን መሬት ያየ ሰው አልነበረም። የዚያን ቀን እናቴ አንድ እንስራ ጀምራ ሳትጨርሰው ዋለች፤ ጭቃው እጇ ላይ ሲደርቅ ተራራውን ታይ ነበር።

አባዬ ብረቱን ከደለሉ ቆፍሮ አወጣ። ጎኑ ተሰንጥቆ ነበር፣ በመድፍ ቀለህ ተካው። ክዳኗ በስብሳ ነበር፣ ከበሬ አንገት ቆዳ ቆርጦ ሠራት። ቧንቧውን ከጣሊያኑ አትክልት ቦታ አንድ በአንድ ነቅሎ፣ የተቀደደውን ደፍኖ፣ እኔና እሱ እየተሸከምን ወሰድነው። ሁለት ወር ለፋን። ውሃው የወጣ ዕለት ላይኛው መንደር በሙሉ ቧንቧው አፍ ላይ ተሰብስቦ ነበር። መጀመሪያ ንፋስ ወጣ። ቀጥሎ ዝገት ወጣ። ቀጥሎ አንዲት እንቁራሪት ወጥታ እጅ ነስታ ሄደች። ከዚያ እንደ ትንሽ ጣት የቀጠነ ውሃ መጣ፤ መጣና አልቆመም። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ «እንግዲህ እንስራዬን ማን ሊገዛኝ ነው?» አለች፣ ፊቷ ግን እንደ ኩራዝ በርቶ ነበር። አባዬ ደግሞ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ወጣ» አለ፣ ጅቡ አህያዋን በላት እንደሚለው።

በዚያው ሳምንት ቄሳችን መጡ። ብረቱ በሰንበትም እያንኳኳ ነው አሉ፤ በእኛ መንደር በሰንበት ሥራ የለም፣ የሰውም የብረትም። አባዬ አልተከራከረም። ከወይራ እንጨት አንዲት ሽብልቅ ቀረጸ። ዓርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ከክዳኗ ሥር ይሰነቅራታል፣ ክዳኗ እንዳትከፈት ይይዛታል፤ ብረቱ ጸጥ ይላል። ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ ይነቅላታል፤ ቷ! ነገሩ ይኸው ነው። ስለዚህ ላይኛው መንደር ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃ የለውም።

አንድ እሁድ የተሳለ ማጭድ ይዤ ወደ ላይ ወጣሁ። ቧንቧው ዙሪያ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ነበሩ። አንጓች የምትባል፣ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት ጠራችኝ።

«አንት የቀጥቃጩ ልጅ፣ ና እስቲ! ይሄ ውሃችሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ምን ይነካዋል?»

እውነቱ ሦስት ቃል ነበር፤ «አባዬ ሽብልቅ ይሰነቅርበታል።» ሦስት ቃል! ግን አሥር ሴቶች ዞረው እያዩኝ ነበር። በዚያ መንደር ማንም ሰው ከአፌ የሚወጣውን ቃል ጠብቆ አያውቅም። ያኔ አባቴን ከፍ የማደርገው መሰለኝ።

«ውስጡ ያለው ሰንበት ያከብራል» አልኩ።

«ማነው ደሞ ውስጡ ያለው?»

«አባዬ ያሰረው ነዋ! ሌት ተቀን የሚያንኳኳው ልውጣ እያለ ነው። በሰንበት ግን አያንኳኳም፣ የእኛ ወገን ነው።»

«እሰይ! እኛ ታዲያ የማንን እጣቢ ነው የምንጠጣው?» አለች አንዷ፣ ሳቁ።

«ምን ይበላል?» አለች አንጓች፤ እሷ አልሳቀችም።

«እሱን የሚያውቀው አባዬ ብቻ ነው።»

አንጓች ሕፃኑን ከጀርባዋ አዙራ ወደ ደረቷ አስጠጋችው። እኔ ተራራውን እየዘለልኩ ወረድኩ። ዛሬ ሳስበው በዕድሜዬ ሁሉ እንደዚያ ሰው ያዳመጠኝ ቀን የለም።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። የአንጓች ሕፃን ተቅማጥ ያዘው። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ለብሰን ከጸሎት ቤት ደጅ ቆመን ሳለ ጭቃ ሹሙ ከፊት፣ መጥረቢያና ዲጅኖ የያዙ ሰዎች ከኋላው ሆነው ተራራውን ወረዱ። መጥረቢያዎቹን አወቅኋቸው፤ አባዬ የሠራቸው ናቸው። አባዬ ከጸሎቱ ወጥቶ ከብረቱ ፊት ቆመ።

«ክፈተው» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ዛሬ ሰንበት ነው ጌታዬ። ነገ ይምጡ፣ ፈትቼ አሳይዎታለሁ። ውሃና ቆዳ ነው፣ ሌላ የለበትም።»

«ታዲያ ለምን ጸጥ አለ?»

«እንጨት ሰንቅሬበት ነው።»

«ንቀላት!»

«ሰንበት ነው፣ አልነካም። ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቁኝ።»

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «ይኸው! ልጁ ያለው ይኸው አይደለም? ውስጡ ያለው ሰንበት ያከብራል ብሎ የለም?»

አባዬ ዘወር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ያልገባው ነገር እንዳለው ሰው ነበር ያየኝ።

«አንተ ነህ ይሄን ያልክ?»

ያን ጊዜ እውነቱ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ዋሸሁ» ማለት። ሽብልቋም ከእኔ ሦስት እርምጃ ነበረች፤ ልጅ ነኝ፣ ብነቅላት ማን ይፈርድብኛል? ብረቱ ቷ! ቢል፣ ወዲያው ሁሉም ያየው ነበር። ነገር ግን አርባ ጅብ ከአንድ ጅብ የሚያወጣው ምላሴ አንድ ቃል ማውጣት አቃተው። የገዛ እግሬን ማየት ጀመርኩ።

ሰበሩት። የመድፉ ቀለህ ሲፈነዳ ከውስጡ የወጣው አንድ ጭልፋ ውሃና ቁራጭ ቆዳ ነበር። ሁላችንም አይተነዋል። ቢሆንም አንዱ «ወጣ! አመለጠ!» ብሎ ጮኸና መጥረቢያቸውን ጥለው ሽቅብ ሮጡ። ጭቃ ሹሙ ግን አልሮጠም። ቆሞ የተሰበረውን ብረት አየ፣ አባዬን አየ፣ ቀስ ብሎ ሄደ። አባዬ ያኔ ወደ እኔ መጣ፤ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ «ምንም አይደል ልጄ፣ ልጅ ነህ» አለኝ።

አዝመራው ሲሰበሰብ ጭቃ ሹሙ፣ መንፈስ ለሚያስር ሰው መሬት መስጠት ኃጢአት ነው አለ። ሰውየው በዚያ ቅዳሜ ለምን እንዳልሮጠ የገባኝ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው፤ የሚፈራው ነገር አልነበረውም፣ ሰበብ እየፈለገ ነበር፣ ሰበቡን ደግሞ ከማጭዱ ጋር ጠቅልዬ ደጁ ድረስ ያደረስኩለት እኔ ነኝ። የአንጓች ሕፃን በአራተኛው ቀን ዳነ። ብረቱን ማንም አልጠገነም። ሴቶቹ እንስራቸውን አዝለው መውረድ ጀመሩ፣ የእናቴም እንስራ እንደ ድሮው ተሸጠ። በዓመቱ ያን መንደር ለቀን ሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀለስን። አባዬ እዚያም ወናፍ ተከለ፣ ፍሙም እንደ ድሮው ይተነፍስ ነበር፤ ተረት ግን አልነበረም። አንድ ጅብ እንኳ አልነበረም።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ሁላችንም በሱዳን በኩል ተነሳን። አባዬ ያኔ በጣም አርጅቶ ነበር። ሱዳን፣ የስደተኞቹ መጠለያ ውስጥ ውሃ የምትመጣው በመኪና ነበረች፣ ወረፋው እስከ ሰማይ ዳር ይደርስ ነበር፤ እኔ ልሙት፣ ይሄኛውን አላጋነንኩም። አብረን ወረፋ ስንቆም፣ ምላሴ ላይ ያለውን አንድ ቃል ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ወሩ አለቀ። አባዬ እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀረ።

እኔ ኔታንያ ደረስኩ። ቴል ሞንድ በኩል ባሉት ፓርዴሶች፣ በፍራፍሬ እርሻዎቹ፣ ብርቱካን ውሃ ሳጠጣ ኖርኩ። ፓርዴሱ ተነቅሎ ቤት ሲሠራበት ደግሞ ኢር ያሚም የተተከሉትን ማማዎች ደረጃ ሳጥብ ከረምኩ። እዚያ ውሃው ሠላሳ ፎቅ ይወጣል። ውስጡ ማን ታስሮ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ማዓሊቱ፣ ሰው የሚያወጣው ሳጥን፣ በሻባት፣ በሰንበት ማለቴ ነው፣ ማንም ሳይነካው ብቻውን በየፎቁ እየቆመ ይወጣል ይወርዳል፤ ራቢዎቹ ፈቅደውለታል፣ ምዕመናኑ ጥሩ ለብሰው ይሳፈሩበታል። በእኛም ሕንጻ አንድ አለ። እኔ በሻባት በደረጃ ነው አራት ፎቅ የምወጣው። ልጆቼ ከጽድቅ ይቆጥሩልኛል። እኔ ያንን ሳጥን ሳየው አባዬ ከብረቱ ፊት ቆሞ «ጀምበር እስክትጠልቅ ይጠብቁኝ» ሲል ይሰማኛል፣ ይኸው ነው።

የልጄ ልጅ ኖዓ ይህን ተረት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታዋለች፤ ማለቴ እኔ በምነግረው ዓይነት፣ ጭቃ ሹሙ ክፉ፣ አባዬ ጀግና፣ እኔ ደግሞ የሌለሁበት። እዚህ ከገባን ሠላሳ ዓመት የሞላ ጊዜ፣ ወታደር ሆና ሳለ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ከጻባ፣ ከጦሩ፣ ለዕረፍት መጣች፤ ጫማዋን እንኳ ሳትፈታ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ሳባ ነው የምትለኝ፣ አያቴ ማለቷ ነው።

«ሳባ፣ ያ የውሃ ተረትህ አለ አይደል? ለአንድ መሃንዲስ ጓደኛዬ ነገርኩት። አለ እኮ! ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራ! እየው።»

ስልኩ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው ከአንድ የማላውቀው ወንዝ ዳር ተንበርክኮ፣ ፕላስቲክ ቧንቧ ገጣጥሞ፣ ጣቱን ከክዳኗ ላይ አነሳ። ቷ! ቷ! ቷ! ስድሳ ዓመት ያልሰማሁት ድምፅ። ግድግዳውን ይዤ ተቀመጥኩ እንዳልል፣ ተቀምጬ ነበር።

«በዕብራይስጥ አውራ በግ ይሉታል» አለች፣ «በጭንቅላቱ ስለሚመታ።»

አውራ በግ! እኔ ያን ሁሉ ስቀባጥር በግ አልመጣልኝም።

«እኔ ደግሞ ሁሌ የምታጋንን ይመስለኝ ነበር» አለች እየሳቀች፣ አቀፈችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ታመንኩ፤ እሱም ስልኩ ስለመሰከረልኝ ነው። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ጠየቀችኝ።

«ግን ሳባ፣ እንደዚህ ቀላል ነገር ከሆነ ለምን ሰበሩት? የነገራቸው ሰው የለም?»

ስልኩ አሁንም ቷ! ቷ! ይል ነበር። ምራቴ ከወጥ ቤት «ሻማ ሊበራ ነው፣ ስልኩን አጥፉት!» አለች።

«ጭቃ ሹሙ ክፉ ነበር» አልኩ።

ኖዓ ስልኩን አጠፋችው። ጸጥ አለ።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ኖዓ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም፤ የጻፍኩትም በአማርኛ ነው፤ ድፍረቴ እስከዚህ ድረስ ነው። ከዚያ ዘመን የቀረኝ የከሰሉ ጭስ ሽታ፣ አመድ ላይ የተሣለች ክዳንና የዘጠኙና የአንዷ ነገር ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዘጠኙን ሳፈስስ ኖሬአለሁ። አንዷ እውነት ወደማን እንደምትወጣ ግን አላውቅም፤ ላይኛው ቤት የሚቀበላት ሰው የለም።

ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ላስተካክል። ተራራው እንዳልኩት ነው፣ ጫጩቷም እንቁላሏን ጥላለች፣ እንቁራሪቷም እጅ ነስታ ነው የሄደችው። የፈጠርኩት አባዬ እጁን ራሴ ላይ የጫነባትን ብቻ ነው። እጁን አልጫነም። ምንም አላለም። ጸሎቱ ገና አላለቀም ነበርና ተመልሶ ገባ።